ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

ስሜን አልነግራችሁም። የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ ለአስተማሪም ለዕድር ሊቀመንበርም የሚመጥን ደህና ስም ነው። ግን ዛሬ የማወራችሁ ጣጣ ሁሉ የመጣው በመጠራት ስለሆነ፣ ስሜን የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። ደግሞ አውቃችኋለሁ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ነገረኛ መንገድ ላይ ከኋላዬ ሆኖ "እስቲ ይሄን ሰውዬ እንሞክረው" ማለቱ አይቀርም።

እኔ ሰው ሲጠራኝ በመጀመሪያው አልመልስም። ጠሪውን ዓይኔ ካየው ችግር የለም፤ አቤት እላለሁ፣ እንዲያውም ሮጬ እሄዳለሁ። ሳላየው ከአጥር ውጭ ወይም ከጓሮ ከጠራኝ ግን ሦስት እስኪሞላ ጭጭ ነው። ይሄን ሕግ ያስተማረችኝ ቡራዩ ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ አልማዝ ናት። "እሱ የሰው ድምፅ ይዋሳል" ትለኝ ነበር። "እሱ" ማን እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም፤ ስሙን ማንሳት ራሱ መጋበዝ ነው ባይ ናት። "አንዴ ይጠራል፤ ቢበዛ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ጉልበት ያጥረዋል። በመጀመሪያው አቤት ካልክ ግን አለቀልህ፤ የገዛ እግርህ ይዞህ ይሄዳል።"

ለማስረጃ የሚሆን ሰውም ነበራት። አንድ የቡራዩ አናጺ ነው። አንድ ጠዋት ከጉም ውስጥ ሚስቱ ጠራችው፤ አቤት ብሎ ወጣ፤ ሚስቱ ለካ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ከዚያ በኋላ የተገኘው ጫማው ብቻ ነው፣ ገፈርሳ ውሃ ዳር፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ። ይሄ "ጎን ለጎን" የሚለው ነው እኔን የጨረሰኝ። ውሃ የበላውን ሰው ጫማ ማን ያስተካክልለታል?

አድጌ ፊዚክስ ተማርኩ፤ የፊዚክስ አስተማሪም ሆንኩ። ድምፅ ሞገድ ነው፣ አየር ይፈልጋል፣ ከግድግዳ ሲጋጭ ይመለሳል እያልኩ ጠመኔ እስኪያልቅ አስረዳለሁ። ተማሪ ከበር ውጭ ሆኖ "ቲቸር!" ሲለኝ ግን ጠመኔዬን እንደያዝኩ ድርቅ እላለሁ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። ልጆቹ ጆሮው ደክሟል ብለው ያዝኑልኛል። እኔም አላርማቸውም፤ ከእውነቱ ይሄ ይሻላል።

ብቻዬን ነኝ ብላችሁ ደግሞ እንዳትስቁብኝ። ሰበታ ተወልዶ ያደገ የሒሳብ አስተማሪ ባልደረባ አለኝ፤ ዱባ ሲያሳያችሁ በጣቱ አይጠቁምም፣ በአገጩ ነው። በጣት የተጠቆመ ዱባ ይረግፋላ! ለዚህ ሰውዬ የአናጺውን ታሪክ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀብኝ። "ተታለሃል፤ ሴት ናት እንጂ" አለኝ። "የሰበታ ሴት ናት። የተገኘውም ነጠላዋ ነው፣ ተጣጥፎ።" እንግዲህ አስቡት። በየከተማው ሰው ይወሰዳል፣ የተወሰደውን ሰው በስም የሚያውቅ ግን አንድም የለም። ውሸትነቱ ፀሐይ የሞቀው ነው። ለእኔም ገብቶኛል። ገብቶኝም ግን አቤት አልልም። ታክሲ ውስጥ በግራም በቀኝም መስኮት ሲከፈት "ዝጉት፣ ሰው ልትገድሉ ነው እንዴ!" ብለው የሚጮኹት እኮ ሐኪሞችም አሉበት።

ባለቤቴ መሲ መላ አበጅታልኛለች፤ ስትጠራኝ ስሜን ባንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ትደረድረውና "ና ብላ!" ትላለች። እንዲህ እየተሳሳቅን እንኖር ነበር።

ቤታችን ሱሉልታ ጫፍ፣ አስፋልት ገና ያልደረሰበት አዲስ ሰፈር ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከእንጦጦ ጀርባ ይወርድና ግቢያችን ውስጥ ይተኛል፤ አንዳንድ ቀን እስከ ከሰዓት አይነሳም። ከጓሯችን ጀርባ ጅምር ቤት አለ። ባለቤቱ ምሰሶዎቹን አቁሞ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ የት እንደገባ አይታወቅም። በእኛና በእሱ መካከል ያለው አጥር ሽቦ ነው፤ እሱንም የሰፈሩ በግ ሲመላለስበት መሬት ላይ ተኝቷል።

በዚህ ክረምት አማቴ አዴ ጫልቱ ከጫንጮ ወዲያ ካለው አገራቸው መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። የአንድ ዓይናቸውን ሞራ አስገፍፈው ዓይናቸው ታሽጎ ነበር። እኔና አማቴ በጣም እንዋደዳለን፤ ተነጋግረን ግን አናውቅም። በእሳቸው አገር ወግ አማት አማቿን በስም አትጠራም፤ ላጉ ነው፣ ክልክል። ፊት ለፊት መተያየቱም፣ አብሮ ገበታ መቅረቡም ነውር ነው። እኔ ለእሳቸው "ሶዳ" ነኝ፣ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን በልጃቸው በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰኝ። እኔ እዚያው ክፍል ተቀምጬ እያለሁ "መሲ፣ ሶዳ ሻይ ይፈልጉ እንደሆን ጠይቂልኝ" ይላሉ። መሲ ትዞርና "ሻይ ትፈልጋለህ?" ትለኛለች። እኔም "አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው" እላለሁ።

መሲ ሥራ ስትሄድ አስተላላፊ ስለሚጠፋ፣ እኔና አማቴ በሳል መግባባት ጀመርን። መሲ ሠርታ የሄደችውን ምሳ ጠረጴዛ ላይ ያቀርቡና "ኡህ" ይላሉ፤ ቀርቧል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እኔ ከመኝታ ቤት ወጥቼ እበላና ሳበቃ "ኡህ" እላለሁ፤ ጠግቤያለሁ፣ ይግቡ ማለት ነው። ሥርዓቱ እንከን የለበትም ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት መሲ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ቆመች። "እማዬን አደራ" አለችኝ። "ጉሙን አይተኸዋል? በአንድ ዓይኗ ነው የምታየው። ውጭ ከቆየች ጥራት።"

"ምን ብዬ ልጥራት?"

"ሳልላት!" ብላ ሄደች።

ምሳ ሰዓት ሆኖ እንኳ መብራት አብርቼ ነበር የማነበው። ከሳሎን "ኡህ" ሲመጣ ትንሽ ቆየሁ፤ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ወጣሁ። ምስር ወጥ ነው፤ ጥርግ አድርጌ በላሁ። ለመሳል ጉሮሮዬን ሳሰናዳ ስሜ ተጠራ።

አንዴ። ከጓሮ በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ። ድምፁ የአማቴ ነው።

ካገባሁ ጀምሮ ስሜ ከአማቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ጥርት ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል ተጠራሁ። እትዬ አልማዝ ድምፅ ይዋሳል ያለችው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ተውሶ መጣ፤ ግን የአገሩን ወግ አላጠናም! አማት አማቿን በስም እንደማትጠራ የነገረው የለም። "ያዝኩህ!" አልኩ በልቤ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ። የለም። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ የሚያዳምጥ መሰለኝ። ያኔ በእግሬ ጣቶች ሄድኩና የጓሮውን በር መቀርቀሪያ ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ብረት ደግሞ ቀስ ባሉት ቁጥር ይብስበታል፤ "ጓ!" ብሎ ገባ።

አማቴ ትዝ ያሉኝ ከዘጋሁ በኋላ ነው። እሳቸው ውጭ ናቸው! ውጭ ደግሞ እሱ አለ! ፊዚክስ የተባለው ትምህርትማ ከዚያም ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ፣ እሱም ምንም አልጠቀመኝም። ስልክ አውጥቼ አማቴ ጋ ደወልኩ። ከኋላዬ ጮኸ። ዘልዬ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ስልካቸው ሶፋው ትራስ ሥር ሆኖ ይብለጨለጫል፤ መስታወቱ ላይ "ሶዳ" ይላል። መሲ ናት የጻፈችላቸው፤ ስልክ ውስጥ እንኳ በስሜ አላስገባችኝም።

በመስኮት አየሁ። ነጭ ነው። ከነጩ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየኛል። እኔም አየሁት። ብዙ ተያየን። ከትናንት ጀምሮ ሳይደርቅ የተንጠለጠለ ፎጣ መሆኑን ሳውቅ እንኳ ዓይኔን ከሱ ለመንቀል ፈራሁ፤ ዞር ስል የሚንቀሳቀስ መሰለኝ።

በመጨረሻ በተቀረቀረው በር ጀርባ ቆሜ "ኡህ" አልኩ።

ቆየት ብሎ፣ ከሩቅ፣ ከጉሙ ውስጥ "ኡህ" የሚል መጣ።

አሁን ምን ይባላል? እትዬ አልማዝ ስለ ሳል ያለችኝ ነገር የለም! ድምፅ ይዋሳል እንጂ ሳል ይዋሳል አልተባልኩም። ሳሉ ደግሞ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ የደከመ ሰው ሳል ነው፣ ብርድ የገባበት። የመሲ ፊት መጣብኝ፣ አደራ ስትል በር ላይ እንደቆመች። ማታ ስትመጣ ምን ልላት ነው? እናትሽ ጠሩኝ፣ እኔ ግን ሦስት ስላልሞላ በሩን ዘጋሁ? መቀርቀሪያውን ሳብኩና ወጣሁ።

"እማማ!" አልኩ። ዝም።

"እማማ!" አልኩ ደግሜ። አሁንም ዝም፤ ሳሉም ጠፋ። ነገሩ ይሄኔ ነው የከፋብኝ። ሲሳል የሚመልስ፣ ሲጠራ ግን የማይመልስ ምን ዓይነት ነገር ነው? እጄን ወደፊት ዘርግቼ፣ ጭቃው ጫማዬን እየሳበ፣ ሄድኩ። የወደቀው ሽቦ ሱሪዬን ያዘኝ፤ ሰው የያዘኝ መስሎኝ እሪ አልኩ። እንግዲህ ሦስተኛው "እማማ!" የወጣው ያኔ ነው፤ ጥሪ ሳይሆን ልቅሶ ነበር።

"አቤት!"

ከመሬት ሥር ነው የመጣው። ከእግሬ ሥር።

ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። "በስመ አብ" ብዬ ጀመርኩና ወልድ ላይ ጠፋብኝ።

"ሶዳ! አይምጡ! ባሉበት ይሁኑ፣ ጉድጓድ አለ!"

እውነትም የጉድጓዱ አፍ እግሬን ስዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። ቆሜ ቢሆን ኖሮ አማቴ ላይ ነበር የምወድቀው፤ በምን ወግ እንደሚዳኝ እንጃ። ጎረቤታችንን ኦቦ ቶሎሳን ጮኼ ጠራሁ። እሳቸው በመጀመሪያው "ዮ!" ብለው መሰላላቸውን ተሸክመው ደረሱ። እንዲህ ያለ ሰው ሳይ እቀናለሁ።

አማቴ ጉድጓዱ ውስጥ፣ የዝናብ ውሃ ወገባቸው ደርሶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ አንድ እግራቸውን አቅፈው ነበር። ውሃው ከላይ እየተንዠቀዠቀ ይገባል። ኦቦ ቶሎሳ ወደ ውሃው አይተው "ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን..." ብለው ቀሪውን ዋጡት። እኔ ስወርድ አማቴ መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? በረጠበው ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሶዳ ፊታቸውን ሊያይ ነዋ! አዝዬ አወጣኋቸው። ላጉ ስለ ማዘል የሚለው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ብቻ እሳቸው ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ እያየን ነው የወጣነው።

እግራቸው ተሰብሯል። ጄሶ ታስሮላቸው፣ ብርድ ልብስ ተደራርቦላቸው ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ መሲ እየሮጠች ገባች። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳመቻቸው፣ ደግማ አለቀሰች። ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አማቴ እኔ እዚያው ተቀምጬ በልጃቸው በኩል ይተርካሉ።

"ከወደቅሁ በኋላ ሶዳን በስማቸው ጠራኋቸው። ያ ዋቃ፣ ይቅር ይበለኝ። ሶዳ ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? በዚህ ሰፈር ሶዳ ያልሆነ ወንድ የለም። ግን አንዴ ካልኩት በኋላ አፌ ተያዘ፣ መድገም አቃተኝ። ያኔ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።"

መሲ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። "የምን መቀርቀሪያ?"

"አትቆጪያቸው!" አሉ አማቴ ፈጠን ብለው። "ልክ ነው ያደረጉት። አንዴ የተጠራ ሰው በሩን ይዘጋል እንጂ ምን ያደርጋል? እኔስ ብሆን! እሳቸው መጥተው ሲጠሩኝ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ሦስት እስኪሞላ ዝም አላልኩም?"

መሲ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "እማዬ፣ ውሃ እየሞላብሽ? እየሰመጥሽ ቆጠርሽ?"

"ታዲያስ! በአቤት የመጣ መዘዝ በአቤት ይብሳል ብዬ ነዋ።"

"የምን በአቤት የመጣ?" አለች መሲ። "ቆይ፣ ለመሆኑ በዚያ ጉም እዚያ ድረስ ምን ወሰደሽ?"

"ሶዳ ጠርተውኝ ነዋ" አሉ አማቴ። "ጓሮ ስወጣ፣ ከጅምሩ ቤት በኩል፣ 'እማማ' አሉኝ። አንዴ ነው ያሉኝ። ግን ሶዳን ሦስት ጊዜ ማስጮህ ነውር ነው ብዬ በመጀመሪያው አቤት አልኩ። አቤት ብዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ከዚያ መሬቱ አልነበረም።"

እኔ ያን ሰዓት ሳሎን ምስር ወጥ ላይ ነበርኩ።

አማቴ ባልታሸገው ዓይናቸው ቀጥ ብለው አዩኝ። ከሰርጋችን ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው። በዚያች ዓይን ውስጥ ያለው ወቀሳ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። እኔ ካልጠራኋቸው፣ በመጀመሪያው አቤት ያሉት ለሌላ ነው። እኔ የማውቀውን ሕግ እሳቸውም ያውቁታል። አለቀላቸው ማለት ነው። በሰባ ዓመት እግር ላይ ስብራት፣ በዚያ ላይ ብርድ፣ በዚያ ላይ ይሄ ፍርሃት ከተጨመረ ሰው ይሞታል፤ ይሄ ደግሞ ተረት አይደለም።

"አዎ" አልኩ። "እኔ ነኝ የጠራኋቸው።"

አማቴ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "ጋሪ" አሉ፣ "ደህና"፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መሲ ግን አልተኛችም። በአንድ ዓይኗ የምታይን ሴት፣ በጉም፣ ወደ ጉድጓድ ጠርቶ፣ ከዚያ ቤት ገብቶ በሩን የሚቀረቅር ባል ምን ይባላል? "ምን ፈልገህ ነው የጠራሃት?" አለችኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። "ጨው" አልኳት። "ጨው ጅምር ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ወንድሞቿ ከጫንጮ መጥተው ያንኑ ጠየቁኝ፤ ለእነሱም ጨው አልኳቸው። ትልቁ ወንድሟ እስከ ዛሬ ሰላም ሲለኝ እጄን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። ለማን ልንገር? ብቻዋን ሳገኛት ለመሲ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እናቷ ከሳሎን ሳሉ፣ መልሼ ዘጋሁት። እትዬ አልማዝ ጋ ቡራዩ ደውዬ፣ "ሰው በመጀመሪያው አቤት ብሎ ከተረፈስ?" አልኳት። "እንደሱ ያለ ሰምቼ አላውቅም" አለችኝ።

እኔና ኦቦ ቶሎሳ ጉድጓዱን ቆርቆሮ አልብሰን ድንጋይ ጫንበት። አማቴ ዓይናቸው ተፈትቷል፣ ምግብም በደንብ ይበላሉ። ሊጠይቃቸው ለሚመጣው ሁሉ እየሳቁ ይተርካሉ፤ "ሌላ ነገር መስሎኝ ልቤ ሊቆም ነበር፤ ለካ ሶዳ ናቸው!" ይላሉ። ሰውም እኔን ያየኛል። ይየኝ። እሳቸው ሲስቁ ሳይ ውሸቴ ትክክል እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ መሲ ገበያ ወጣች። ሻይ ልቀዳ ሳሎን ስገባ አማቴ አልሳሉም፣ ፊታቸውንም አልሸፈኑም። ለካ ከዚያ ቀን ወዲህ ለምደውኛል።

"ሶዳ" አሉኝ፣ በቀጥታ።

"አቤት እማማ" አልኩ፤ እያየኋቸው ነበርና።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ ጠዋት ሲጠሩኝ ሰምቼ ነበር። ከዚያው ከጅምሩ ቤት በኩል። ትናንትም ሰምቻለሁ። እግሬ አስሮኝ ነው እንጂ ዝም ያልኩት ንቄዎት እንዳይመስልዎ።"

ዛሬ ጠዋት እኔ መኝታ ቤት ተኝቼ ነበር። ሻዩን ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ ቀዳሁት።

"ምንም አይደል" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው፣ ፍርሃት የሚባል በፊታቸው ሳይኖር። "አሁንማ እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ። ሲሻለኝ አላስጮህዎትም፤ በመጀመሪያው ነው የምመጣው።"

ጄሶው ማክሰኞ ይፈታል።